አንድም ጠዋት

ከዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ቅልጥሟን ያማት ጀመር። ዛሬ ቀደም ብሎ ነው። ትናንት ከአፋፉ ሲደርሱ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወርደው ቤት ከገቡ በኋላ። ማሬ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗን ከፊቷ በምትሮጠው በሔዋን ጀርባ ላይ ተክላ ሽቅብ ቀጠለች። የጮቄ ተራራ ጉም እስከ መንገዱ ድረስ ወርዶ ስለነበር ሔዋን አንዳንዴ ትታያለች፣ አንዳንዴም ትሰወራለች።

«አለሽ?» አለች ሔዋን ሳትዞር።

«አለሁ።»

«አረጋገጥሽ ተቀየረብኝ እኮ። ታነክሻለሽ እንዴ?»

«ድንጋይ ረግጬ ነው። ዝም ብለሽ ሩጪ!»

ሔዋን ሩጫዋን ቀጠለች። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣ አንድ እርሳስ ለሁለት ሰብረው የጻፉ ጓደኛሞች ናቸው። አሁን አሥረኛ ክፍል ደርሰዋል። ማሬ ስትዋሽ ሔዋን ታውቃለች፤ ሔዋን እንደምታውቅም ማሬ ታውቃለች። ያም ሆኖ ሁለቱም ያችን ድንጋይ እውነት አስመስለው እስከ አፋፉ ሮጡ።

አፋፉ ላይ ማሬ ጎንበስ ብላ እግሯን ዳሰሰች። ከጉልበቷ በታች፣ አጥንቱ ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ነች። ስትጫናት ሕመሙ ጥርሷ ድረስ ተሰማት። ሥጋ ቢሆን ታሽቶ ይድን ነበር፤ አጥንት መሆኑ ነው ያስፈራት። ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሚካኤል ደወል ተደወለ። ማሬ አማተበች፤ ወደዚያ ዞር ብላ ማየት ግን ከተወች ሰንበትበት ብላለች።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው።

ቲቸር ደምለው ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ሮብ ገበያ ትምህርት ቤት የተመደበ ወጣት ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት የስፖርት መምህራን ኳስ ወርውረው ጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ እሱ ግን ጠመኔ ይዞ ገባ። ጥር ላይ አንድ ቀን «ግብ» ብሎ በትልቁ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ወንዶቹ «ጎ-ል!» ብለው ጣሪያውን አናጉት።

«እሱም ይመጣል፣ ተረጋጉ» አለ እየሳቀ። «ግብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ‹አንደኛ እወጣለሁ› የሚለው ነው። ይሄ በእጃችሁ አይደለም። አጠገባችሁ ያለችው ልጅ ከፈጠነች ምን ልትሆኑ ነው? ቀሚሷን ልትይዙ ነው? ሌላው ‹በየጠዋቱ ዳገቱን እሮጣለሁ› የሚለው ነው። ይሄ በእጃችሁ ነው። ጎበዝ ሯጭ ሁለተኛውን ይይዛል፤ የመጀመሪያው ራሱ ተከትሎ ይመጣል።» ከዚያ ወደ ማሬ ዞረ። «ማሬ እንዳላማው! ያባትሽ ስም ራሱ እንዳላማው ነው፤ አንቺ ያለ ዓላማ ከሮጥሽማ ሼም ነው!»

ክፍሉ ሳቀ፤ ማሬም ሳቀች። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም ብሎ አንድ ነገር ጨመረ።

«ግባችሁን በሆዳችሁ አትያዙት። በሆድ የተያዘ ግብ ብርድ በመጣ ቁጥር ብርድ ልብስ ውስጥ ይቀራል። ወደኋላ ማለት የማትችሉበት ቦታ ሄዳችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት።»

እሱ በሐሳቡ የነበረው የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ነው፤ በሰልፍ ሰዓት፣ በዚያ በሚንጫረረው ማይክራፎን። ሌሎቹም የገባቸው እንደዚያ ነው። ማሬ ግን ወደኋላ የማይባልበት ቦታ ሲባል የታያት አንድ ቦታ ብቻ ነው። በዚያው እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሔዋንን ምስክር አቁማ የሚካኤልን ደጃፍ ተሳለመችና «እስከ ግንቦቱ ውድድር ድረስ አንድም ጠዋት ሳላቋርጥ ዳገቱን እሮጣለሁ፤ ባቋርጥ ሚካኤል ይፍረድብኝ» ብላ ተሳለች።

ሰው ሲሳል «ይህን ብታደርግልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ይላል። ማሬ ከመልአኩ የጠየቀችው ነገር የለም። የራሷን እግር ብቻ መያዣ ሰጠች። ያን ጊዜ እንዴት ያለ ብልህነት መስሏት ነበር! ውጤቱን ትታ ሥራውን መያዟ አይደል? ቲቸር ያለውስ ይህንኑ አይደል?

መቼም ስለቱ አልሠራም አይባልም። ውርጩ ሣሩን ባደረቀበት ጠዋት ወጣች፤ ጉንፋን ይዟት እያስነጠሰች ወጣች፤ የአጎቷ ተዝካር የተደገሰ ዕለት እንኳ ሰው ሳይነሣ ወጥታ ተመለሰች። ሚያዝያ ላይ የወረዳውን ውድድር ስታሸንፍ ሁለተኛዋ ልጅ ከኋላዋ አትታይም ነበር። አሁን የቀረው ግንቦት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚደረገው የዞኑ ውድድር ነው። እዚያ ያሸነፈች ልጅ ማሠልጠኛ ትገባለች፤ አሠልጣኝ ይኖራታል፣ ስሟ በጀርባዋ የተጻፈ ቱታ ትለብሳለች። ማሬ በዕድሜዋ ከዚህ ሌላ ይህን ያህል የተመኘችው ነገር ትዝ አይላትም።

ዳገቱ ላይ ባነከሰችበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ሲያሟሙቁ ቲቸር ደምለው ፊሽካውን ነፋ።

«ማሬ፣ እስቲ ነይ። ቁጭ በይ።»

ካልሲዋን ዝቅ አደረገና ቅልጥሟን በአውራ ጣቱ ከላይ ወደ ታች እየተጫነ ወረደ። ቦታዋ ላይ ሲደርስ ማሬ ትንፍሽ አላለችም፤ እንባዋ ግን ሳታዘው ዱብ አለ። የቲቸር ፊት ተለወጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አሁን ነው።»

«አትፎግሪኝ፣ ማሬ።»

«ሰንብቷል» አለች ወደ መሬት እያየች።

«በዚህኛው እግርሽ ብቻ ዝለይ።»

አንዴ ዘለለች። ሁለተኛውን መዝለል አልቻለችም።

ቲቸር ደምለው ሳሩ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። «ስሚኝ። ይሄ የጡንቻ ሕመም አይደለም። አጥንትሽ መሰንጠቅ ጀምሯል ብዬ ነው የምፈራው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነች፤ ካረፍሽ ትገጥማለች። ካላረፍሽ አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ቀጭ ትላለች። ባዘዘውን ታውቂው የለ?»

ባዘዘውን የማያውቀው የለም። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጆንያ ሲቀበል የሚውል፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሰው ነው። ማሬ ልጅ ሆና ከፈረስ ወድቆ ነው ሲባል ሰምታ አምና ነበር።

«እሱም ሯጭ ነበር?»

«ይሄን ዞን ያስከነዳ ሯጭ ነበር አሉ። እያመመው፣ እያወቀ ሮጠ።» ቲቸር ካልሲዋን መልሶ ሳበው። «ነገ ዛሬ ሳትይ ደብረ ማርቆስ ሄደሽ ራጅ ትነሺያለሽ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሩጫ የለም። ውድድሩ ለከርሞም አለ። ግብ እኮ ይስተካከላል፤ ልብስ ሲጠብ ይሰፋል አይደል?»

«የኔ አይስተካከልም፣ ቲቸር።»

«ለምን አይስተካከልም?»

ነገረችው። ቲቸር ደምለው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እኔ እኮ ሚኒ ሚዲያ ላይ ማለቴ ነው!»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቁ ነበር። ዛሬ ግን እሱ ግንባሩን ያሻል፣ እሷ ሣር ትነጫለች። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ቆይቶ። «ጥሩ አድርጌ አላስረዳሁም። ግን ስለት ነው ተብሎ እግር...» አልጨረሰውም። እሱም አማኑኤል ከተማ ያደገ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ስለት ምን እንደሆነ የሚነግረው አያስፈልገውም። «እኔ የማውቀው አጥንቱን ነው» አለ በመጨረሻ። «ለሌላው የኔታን ጠይቂ። ዛሬውኑ።»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትሄድ ሔዋን ተከተለቻት። ሰማዩ በጮቄ በኩል ጠቁሯል። የግንቦት ዝናብ በእነሱ አገር ጠብ ሳይል በፊት ያጉረመርማል፤ መብረቁም የሚከፋው በዚህ ሰሞን ነው።

«አንድ ጠዋት ብትቀሪ ማን ያያል?» አለች ሔዋን። «እኔ አብረን ወጣን እላለሁ። ምን ችግር አለው?»

«ለማን ነው የምትዪው? ለሚካኤል?»

ሔዋን ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ሰው ነው። ጎረቤታቸው ዓባይ ለሚካኤል የተሳለውን ወይፈን ሳያስገባ ሸጦ፣ በዓመቱ ጥንድ በሬውን እርሻ መካከል መብረቅ ከነቀንበሩ ጣለበት። ማሬ ያን ቀን ከሰው ጋር ሄዳ አይታለች። በሬዎቹ የተኙ ነበር የሚመስሉት። ዓባይ ማሳው ዳር ተቀምጦ «ስለት በልቼ ነው፣ ስለት በልቼ ነው» ይል ነበር፤ ማንም አይደለም ያለው ሰው አልነበረም።

የኔታ ወልደ ሩፋኤል ከወይራው ሥር ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ዲማ ገዳም ተምረው ያረጁ፣ ዓይናቸው ደከም ያለ ሰው ናቸው፤ ሰውን በአረማመዱ ነው የሚለዩት።

«ሯጯ ነሽ?» አሉ። «ምነው ዛሬ በእርምጃ?»

ማሬ ጉልበታቸውን ስማ ሁሉንም ነገረቻቸው። የኔታ እስክትጨርስ ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ ሲያደርጉ ቆዩ።

«ቃሉን በይልኝ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

አለችላቸው። «ባቋርጥ ሚካኤል ይፍረድብኝ» ላይ ሲደርስ ጭራው ቆመ።

«ወይ አንቺ ልጅ! ምን ቢያቀብጥሽ ነው ዳኛ ጠርተሽ ራስሽን የከሰስሽው?»

«ይፍቱኝ፣ የኔታ።»

«አፍርሺ ብዬ አላዝሽም። አፍርሰሽ ብትመጪ ንስሐ አለ፣ ቀኖና አለ። ሳታፈርሺ አፍርሺ የሚልሽ ካህን ግን አታገኚም።» ትንሽ አሰቡ። «አንድ የጥንት ሥርዓት አለ። በአባቷ ቤት ያለች ልጅ ብትሳል፣ አባቷ በሰማበት ቀን ‹አይሆንም› ካላት ስለቱ አይጸናም፤ እሷም ይቅር ትባላለች። ሰምቶ ዝም ካለ ግን ጸና።»

ማሬ ቀና አለች። «አባቴ እኮ አልሰማም!»

«እንግዲያው ሂጂ ንገሪው።» ልትነሣ ስትል በጭራቸው ትከሻዋን ነካ አደረጉ። «ጫፉንም ስሚ፣ ልጄ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የከለከለ እንደሆነ ኃጢአቷን የሚሸከም እሱ ነው።»

አባቷ እንዳላማው ዝምተኛ ነው ቢባል ያንሰዋል። ገበያ ላይ የድንቹን ዋጋ ሲጠይቁት በጣቱ የሚመልስ ሰው ነው። ሲደሰትም ሲቆጣም ዝም ይላል፤ ቤተሰቡ የትኛው ዝምታ የትኛው እንደሆነ ከአፍንጫው አተነፋፈስ ነው የሚለየው። ማሬ ወደ ማሳው ስትወጣ ከእግሯ ይልቅ ይህ አስፈራት። ሰምቶ ዝም ካለ ጸና ነው የተባለችው፤ አባቷ ደግሞ ከዝምታ ሌላ ምን ያውቃል? ቢከለክልስ? ቢከለክል ደብረ ማርቆስ ቀረ፤ ቱታው ቀረ። ሁለቱንም ፈራች፤ የትኛውን ይበልጥ እንደምትፈራ ለራሷም አልታወቃትም።

አባቷ ድንች ይኮተኩታል። ከጀርባው ሰማዩ ከሰል መስሏል።

«አባዬ።»

«እህ።»

መናገር ጀመረች። አባቷ መኮትኮቱን አላቆመም። ስለ ስለቱ ስትናገር አንድ መደብ ጨርሶ ወደ ሌላው ዞረ። ስለ እግሯ ስትናገር ዶማው ከአፈሩ ላይ ቀረ። ከሩቅ ነጎድጓድ ተንከባለለ።

«የቱ ጋ ነው?» አለ።

አሳየችው። ተንበርክኮ፣ የተጎዳ በሬ እንደሚዳስሰው በአፈራም ጣቶቹ በቀስታ ዳሰሳት። ቦታዋን ሲነካ ማሬ እጁን ያዘችው።

«አይሆንም» አለ አባቷ። «ከልክያለሁ። ከእንግዲህ አትወጪም።»

ማሬ ጆሮዋን ተጠራጠረች። አራት ቃል በአንዴ! ያውም የምትፈልጋቸውን ቃላት። ደረቷ ላይ የተጫናት ነገር ሁሉ ወረደላት፤ ሳቋ እና እንባዋ ተደባለቀባት። ደብረ ማርቆስ መቅረቱን እንኳ ለጊዜው ረሳችው።

አባቷ አልተነሣም። እግሯን እንደያዘ ለራሱ ይመስል ተናገረ። «ያን ጊዜ ሔዋን ስትነግረኝ መቼ እንዲህ ያለ ጣጣ ያመጣል አልሁ?»

ሳቋ ቆመ። «መቼ ነው የነገረችህ?»

«ጥር ላይ ነዋ። የተሳልሽ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ። ደስ አለኝ። ልጄ ቃል ገባች ብዬ ዝም አልሁ።»

መብረቅ ከጮቄ ጫፍ ላይ ብልጭ አለ። ማሬ መጀመሪያ ያየችው የአባቷን ዶማ ነው፤ ብረቱን፣ ከዚያ ክፍት የሆነውን ማሳ፣ ከዚያ እሱን። ቀኑ አልፏል። አልፎ ወራት ሆኖታል። ስለቱ ጸንቷል፤ አባቷ አሁን «ከልክያለሁ» ያለው ደግሞ ወደ ራሱ የሚዞር ነገር ነው። እሱ ይህን አያውቅም። ካልነገረችው መቼም አያውቅም። ዝም ብትል እግሯ ይተርፋል፣ ፍርዱም እሱን እንጂ እሷን አያገኛትም። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። የእንዳላማው ልጅ ናት፤ ዝም ማለት አይከብዳትም።

አባቷ ተነሥቶ ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገ። «እንሂድ፣ ሊመጣ ነው።»

«አባዬ፣ ያልኸውን መልሰው።»

«የቱን?»

«ከልክያለሁ ያልኸውን። ቀኑ አልፎበታል።» የኔታ ያሏትን እስከ ጫፉ ነገረችው።

እንዳላማው ሰማዩን አየ። አፍንጫው በረጅሙ ተነፈሰ፤ ማሬ የትኛው ዝምታ እንደሆነ መለየት አቃታት። የዝናቡ ሽታ መጣ።

«እኔ ላይ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ዝም ያልሁት እኔ ነኝ።»

«አይሁን።»

«አንቺ ልጅ ነሽ።»

«የተሳልሁት እኔ ነኝ» አለች ማሬ። «አንተ አልከለከልኸኝም። ስትሰማ እንደዚያ አላልኸኝም። ነገ በገዛ ፈቃዴ የምቀረው እኔ ነኝ።»

አባቷ ዶማውን ከትከሻው አውርዶ፣ ብረቱን ወደ መሬት አድርጎ ይዞ፣ ከፊቷ ሆኖ መውረድ ጀመረ። ቤት እስኪደርሱ ሰማዩ አልዘነበም፤ ሌሊቱን በሙሉ ግን ሲያጉረመርም አደረ።

ሲነጋጋ ሔዋን ከአጥር ውጭ ተጣራች። ማሬ ነጠላዋን ለብሳ ደጃፉ ላይ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ምነው? አትነሺም እንዴ?»

«አልወጣም።»

ሔዋን ወደ ዳገቱ አየች፣ ወደ ማሬ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሺ፣ እኔ ለጠየቀኝ ሰው...» ስትል ማሬ አቋረጠቻት።

«አቋረጠች በይ። ለጠየቀሽ ሁሉ።»

ሔዋን ጥቂት ቆማ ብቻዋን ሄደች። ማሬ ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ እንዲህ ይረዝማል ብላ አላሰበችም። ስለት ማፍረስ አንድ ነገር ማድረግ ይመስላት ነበር፤ ለካ መቀመጥ ነው። እግሮቿ ሩጪ ሩጪ አሏት። አሁን ብትነሣ ይደረስ ነበር፤ ትንሽ ቆይታም ብትነሣ ይደረስ ነበር። ደመናው ከጮቄ ላይ ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም ወደ መንደሩ ዝቅ ብሏል። ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር ነጠላዋን ወደ ራሷ ትሰበስብ ነበር።

አባቷ በሬዎቹን ለማውጣት ብቅ አለ። አያት። በሬዎቹን ትቶ መጣና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ በጠዋት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ማሬ አይታው አታውቅም። ሁለቱም ሰማዩን ያያሉ። ማሬ ፈርታለች፤ ፍርሃቷ ከትናንቱ አልቀነሰም። ግን አልተነሣችም።

ፀሐይ ከደመናው ጀርባ የት እንደደረሰች ሳይታይ ዶሮዎቹ ወደ ሜዳው ወጡ፣ የጎረቤት ከብቶች ተነዱ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ተሰማ። ጠዋቱ አለፈ።

ማሬ የአባቷን ትከሻ ይዛ ተነሣች። «የኔታ ዘንድ ልሂድ» አለች። «አፍርሻለሁ ልበላቸው።»